ትምህርት 12፦ የሥራ ቅደም ተከተልን የሚገልጽ ድርሰት

ተማሪዎች ሆይ! ባለፉት ትምህርቶች ስለ ተራኪና ስለ ሥዕላዊ ድርሰት ተምራችኋል። በዛሬው ትምህርት የምትማሩት አንድ ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዴት እንደሚሠራ ስለሚያስረዳ ድርሰት ነው። በዚህ ዓይነቱ ድርሰት የቃላት ውበት ብቻ አይበቃም፤ ዋናው ነገር ቅደም ተከተል ነው። በተረት ውስጥ ኋላ የሚመጣውን ፊት ብታመጡት አድማጭ ግር ይለው ይሆናል እንጂ የሚጠፋ ንብረት የለም። በሥራ መግለጫ ውስጥ ግን የአንድ ዓረፍተ ነገር ቦታ ቢዛባ ጽሑፉን አምኖ የሚሠራው ሰው ሊጎዳ፣ የሚሠራበትም ዕቃ ሊበላሽ ይችላል። ከዚህ በታች የቀረበውን ምንባብ ይህን እያሰባችሁ በጥሞና አንብቡ።

ሀ. ምንባብ

ካሴቱ ከመጫወቱ በፊት

ቤታችሁ ቢስቲማ ነው እንበል። አንድ ቀን ከአያታችሁ ሣጥን ውስጥ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ካሴት ወጣ። በላዩ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈው ደብዝዞ «ከጅዳ» የሚለው ቃል ብቻ ይነበባል። ስልክ በየቤቱ ከመግባቱ በፊት፣ ከወሎ ወደ ዓረብ አገር የተሻገረ ሰው ናፍቆቱን በካሴት ቀርጾ ከመንገደኛ ጋር ይልክ ነበር። ፊደል ያልቆጠሩ እናት የልጃቸውን ደብዳቤ የሚያነብላቸው ሰው ፍለጋ ደጅ አይጠኑም፤ የልጃቸውን ድምፅ ራሱን ይሰማሉ፤ መልሳቸውንም በዚያው ካሴት በሌላው ገጽ አስቀርጸው ይሰዳሉ። ይህን ካሴት የላከው ሰው ዛሬ በሕይወት የለም። ድምፁ ያለው በዚህ ክር ላይ ብቻ ነው፤ ሌላ ቅጂ የለውም።

በዚያው ቤት መደርደሪያ ላይ አቧራ የለበሰ አሮጌ ቴፕ ተቀምጧል። አያታችሁ፣ «እስቲ ልጆቼ፣ አንድ ጊዜ አሰሙኝ» ይላሉ። እጃችሁ ካሴቱን ይዞ ወደ ቴፑ ይዘረጋል።

ቆዩ! ካሴቱን አሁን ብታስገቡት ቴፑ ሊበላው ይችላል።

ቴፕ ካሴት የሚበላው ለምን እንደሆነ ለማወቅ አሠራሩን መረዳት ያስፈልጋል። ካሴት በሆላንዱ የፊሊፕስ ኩባንያ ተሠርቶ ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። ክሩ 3.81 ሚሊሜትር ወርድ ያለው ስስ ፕላስቲክ ሲሆን፣ በአንዱ ገጹ ላይ ማግኔት የሚቀበል የብረት ኦክሳይድ ደቃቅ ዱቄት ተለብጦበታል። ድምፅ ሲቀረጽ ዱቄቱ እንደ ድምፁ ከፍታና ዝቅታ በማግኔት ኃይል ይደረደራል። ክሩ እንደገና «ሄድ» በሚባለው አንባቢ ክፍል ፊት ሲያልፍ፣ ይህ ድርድር በሄዱ ውስጥ ደካማ የኤሌክትሪክ ኃይል ያስነሣል። ቴፑም ይህን ኃይል አጉልቶ ወደ ድምፅ ማጉያው ይልከዋል።

ክሩ የሚጓዘው በሴኮንድ 4.76 ሴንቲሜትር ነው። የ60 ደቂቃ ካሴት በአንድ ገጹ 30 ደቂቃ ስለሚጫወት፣ ከ85 ሜትር በላይ ርዝመት ያለው ክር በዚያች ትንሽ ሣጥን ውስጥ ተጠቅልሏል ማለት ነው። ክሩን የሚስቡት አንድ ቀጭን የብረት ዘንግና በእርሱ ላይ የሚጫን ትንሽ የጎማ መንኰራኩር ናቸው። የተሳበውን ክር ደግሞ ቀኙ ማጠንጠኛ ይጠቀልለዋል። ሳቢውና ጠቅላዩ እኩል መሄድ አለባቸው። ኃይልን ከሞተሩ ወደ እነርሱ የሚያደርሰው ቀጭን የላስቲክ ቀበቶ ነው። ላስቲክ ደግሞ ያረጃል፤ ይላላል፤ አንዳንዱም ቀልጦ እንደ ሬንጅ ይሆናል። ቀበቶው ሲላላ ዘንጉ ክሩን መሳቡን ይቀጥላል፤ ማጠንጠኛው ግን ይቆማል። ጠቅላይ ያጣው ክር በጎማው መንኰራኩር ላይ ይጠመጠማል፤ ይጨማደዳል፤ አልፎ አልፎም ይበጠሳል። «ቴፑ ካሴቱን በላው» የሚባለው ይህ ነው።

ስለዚህ ሥራውን በሚከተለው ቅደም ተከተል ፈጽሙ።

በመጀመሪያ ካሴቱን ጠብቁ። ከካሴቱ የጀርባ ጠርዝ ግራና ቀኝ ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ምላሶች አሉ። እነርሱን ሰብራችሁ ስታወጡ ቴፑ በዚያ ካሴት ላይ አዲስ ድምፅ መቅረጽ አይችልም። በስሕተት የመቅረጫው ቁልፍ ቢነካ እንኳ የቆየው ድምፅ አይጠፋም። ይህን ካደረጋችሁ በኋላ ካሴቱን ከሙቀት፣ ከአቧራና ከማግኔት አርቃችሁ አስቀምጡት። የድምፅ ማጉያ በውስጡ ማግኔት ስላለው ካሴቱን በእርሱ ላይ አታኑሩ።

ሁለተኛ፣ ሶኬቱን ነቅላችሁ፣ የባትሪ ድንጋዮቹንም አውጥታችሁ ቴፑን በካቻቢቴ ክፈቱ። በአገራችን የቤት ኤሌክትሪክ ኃይል 220 ቮልት ነው። ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተር የሚባሉት ክፍሎች ኃይል አምቀው ሊቆዩ ይችላሉ። በመሆኑም የኤሌክትሪክ ገመዱ የሚገባበትን ክፍል ባለሙያ በሌለበት አትንኩ። እያንዳንዱን ብሎን ስትፈቱ ከየት እንደወጣ በወረቀት ላይ ሥሉ ወይም በስልክ ፎቶግራፍ አንሡ።

ሦስተኛ፣ ቀበቶውን መርምሩ። ቀልጦ ከሆነ ጥቁሩን ቅሪት ከመንኰራኩሮቹ ላይ በአልኮል በራሰ ጥጥ ጥረጉ። አሮጌው ቀበቶ ይዞር የነበረበትን መንገድ በክር ለኩና ከልኩ ጥቂት ያጠረ አዲስ ቀበቶ ፈልጉ። የወረቀት ማሰሪያ ላስቲክ አትተኩበት፤ ውፍረቱ እኩል ስላልሆነ ድምፁን ያንቀጠቅጠዋል።

አራተኛ፣ ሄዱን፣ ዘንጉንና የጎማውን መንኰራኩር በአልኮል በራሰ ጥጥ፣ ጥጡ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ጥረጉ። ሄዱን በብረት አትፋቁት። የባትሪ ድንጋይ ፈስሶ የመገናኛ ሽቦዎቹን አዝጎ ከሆነ፣ ዝገቱን በቀጭን የብርጭቆ ወረቀት አስለቅቁ።

አምስተኛ፣ ቴፑን ገጥማችሁ፣ ቢበላሽ በማይቆጭ ሌላ ካሴት ፈትኑት። ቢያንስ ለ10 ደቂቃ አጫውቱት፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላም አጠንጥኑት። ማጠንጠኛው ሳያቋርጥ ከዞረና ክሩ ሳይጨማደድ ከወጣ ቴፑ ታምኗል።

ስድስተኛ፣ ወደ አያታችሁ ካሴት ተመለሱ። እስክሪብቶ በማጠንጠኛው ቀዳዳ ውስጥ አስገብታችሁ ቀስ እያላችሁ አዙሩት። ክሩ ላይ ነጭ የሻጋታ ነጠብጣብ ካያችሁ አታጫውቱት፤ ለሚያውቅ ሰው አሳዩት። ክሩን ከሄዱ ጋር የሚያገናኘው ትንሽ ስፖንጅ ወይም ሱፍ በቦታው መኖሩንም ተመልከቱ።

ሰባተኛ፣ ካሴቱን ከማጫወታችሁ በፊት ቴፑን በገመድ ከኮምፒዩተር ወይም ድምፅ ከሚቀርጽ ሌላ መሣሪያ ጋር አገናኙ። የመጀመሪያው መስማት የመጀመሪያው ቅጂ ይሁን። ቅጂውንም በሁለት የተለያዩ ቦታዎች አስቀምጡ። አሁን አያታችሁን ጥሯቸው።

ይህ የጥንቃቄ ሥርዓት የሚያገለግለው ለሰው ድምፅ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በውጭ አገር ለየቤቱ የተሸጡ ትንንሽ ኮምፒዩተሮችም ፕሮግራማቸውን የሚያኖሩት በዚሁ ካሴት ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 በእንግሊዝ አገር የወጣው ሲንክሌር ዜድ ኤክስ ስፔክትረም በቤት ውስጥ ካለ ተራ ቴፕ ጋር በገመድ ይገናኝ ነበር። በዚያው ዓመት በአሜሪካ የወጣው ኮሞዶር 64 ደግሞ ለኮሞዶር ኮምፒዩተሮች ተብሎ የተሠራ ካሴት ማጫወቻ ነበረው። ኮምፒዩተር የሚያውቀው ዜሮንና አንድን ነው። በስፔክትረም ካሴት ላይ ዜሮው በአጭር፣ አንዱ ደግሞ በእጥፍ በረዘመ የድምፅ ምት ይቀረጻል። ካሴቱን በተራ ቴፕ ብትከፍቱት የሚሰማው የሚያፏጭና የሚንጫጫ ድምፅ ነው። ስፔክትረም የ48 ኪሎባይት ትውስታውን ከካሴት ለመሙላት ከ4 ደቂቃ በላይ ይፈጅበት ነበር።

እነዚህን ኮምፒዩተሮች ዛሬ በየአገሩ የሚያድሱ ሰዎች የሚገጥማቸው ችግር የቢስቲማው ቴፕ ችግር ነው፤ ቀበቶው ላልቷል፤ ሄዱ ቆሽሿል። እንዲያውም የኮምፒዩተር ካሴት ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የሰው ድምፅ ትንሽ ቢደበዝዝ ጆሮ ያሟላዋል፤ ኮምፒዩተር ግን አንድ ምት ቢጎድልበት ንባቡን ያቋርጣል። በእነዚህም ላይ የቅደም ተከተል ስሕተት ዋጋ ያስከፍላል። የኮሞዶር 64 ኃይል ሰጪ ሣጥን ለኮምፒዩተሩ 5 ቮልት መስጠት ሲገባው፣ አርጅቶ ሲበላሽ ከዚያ በላይ ሊሰድና የትውስታ ክፍሎቹን ሊያቃጥል ይችላል። ዐዋቂ አዳሽ ሣጥኑን ብቻውን በቴስተር ለክቶ፣ ትክክል መሆኑን አረጋግጦ፣ ከዚያ በኋላ ከኮምፒዩተሩ ጋር ያገናኘዋል። ችኩል ሰው ግን አገናኝቶ፣ አቃጥሎ፣ ከዚያ በኋላ ይለካል። ሁለቱም የሠሩት አንድ ዓይነት ሥራ ነው፤ የተለያየው ቅደም ተከተሉ ብቻ ነው።

ከሚጠፋ ነገር ላይ አስቀድሞ ቅጂ መውሰድ ለአካባቢያችሁ እንግዳ አይደለም። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዘመን የተጻፈው የአባ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1973 በተጀመረው የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ከተነሡት መጻሕፍት መካከል ይህ ወንጌል አንዱ ነው። ብራና በትውልዶች መካከል የኖረው ገልባጭ ስላልጠፋ ነው። የአያታችሁም ካሴት ገልባጭ ይፈልጋል።

ለ. ቃላት

1. ቴፕ፦ ካሴት የሚያጫውትና ድምፅ የሚቀርጽ መሣሪያ።
2. ክር፦ በዚህ ምንባብ ውስጥ በካሴት ውስጥ የተጠቀለለው፣ ድምፅ የሚቀረጽበት ስስ ፕላስቲክ።
3. ማጠንጠኛ፦ ክሩ የሚጠቀለልበት ጥርስ ያለው ክብ ነገር።
4. ካቻቢቴ፦ ብሎን መፍቻ። ከኢጣልያንኛ የመጣ ቃል ነው።
5. ደጅ መጥናት፦ አንድ ጉዳይ እንዲፈጸምለት በሰው በር መመላለስ፤ በትዕግሥት መለመን።

ሐ. ሰዋስው፦ ቦዝ አንቀጽና ቅደም ተከተል

ከምንባቡ የተወሰዱትን «ነቅላችሁ»፣ «አውጥታችሁ»፣ «ገጥማችሁ»፣ «ለክቶ»፣ «አረጋግጦ» የሚሉትን ቃላት ተመልከቱ። እነዚህ ቦዝ አንቀጾች ናቸው። ቦዝ ማለት ሥራ ፈት ማለት ነው። ቦዝ አንቀጽ ድርጊትን ቢያመለክትም ብቻውን ዓረፍተ ነገር ማሰር ስለማይችል ይህ ስም ተሰጥቶታል። «ሶኬቱን ነቅላችሁ» ብለን ብናቆም ሰሚው «ነቅለን ምን እናድርግ?» ብሎ ይጠብቃል። «ቴፑን ክፈቱ» የሚለው ማሰሪያ አንቀጽ ሲጨመርበት ሐሳቡ ይሞላል።

ቦዝ አንቀጽ በባለቤቱ እንደሚከተለው ይረባል፦ እኔ ነቅዬ፣ አንተ ነቅለህ፣ አንቺ ነቅለሽ፣ እርስዎ ነቅለው፣ እርሱ ነቅሎ፣ እርሷ ነቅላ፣ እኛ ነቅለን፣ እናንተ ነቅላችሁ፣ እነርሱ ነቅለው።

ስለ አገልግሎቱ የሚከተሉትን አምስት ነጥቦች አስተውሉ።

1. ቦዝ አንቀጾች ሲደረደሩ ቅደም ተከተልን ያሳያሉ። «ነቅላችሁ ክፈቱ» እና «ከፍታችሁ ንቀሉ» በሚሉት ውስጥ ያሉት ግሦች አንድ ናቸው፤ ትእዛዞቹ ግን ተቃራኒ ናቸው። የመጀመሪያው ሠሪውን ከአደጋ ይጠብቀዋል፤ ሁለተኛው ለ220 ቮልት ያጋልጠዋል።

2. ቦዝ አንቀጽ አንዳንድ ጊዜ ቅደም ተከተልን ሳይሆን ሁኔታን ይገልጻል። «ተጠንቅቆ ፈታው» ስንል መጠንቀቁና መፍታቱ በአንድ ጊዜ ተፈጸሙ ማለት ነው።

3. የቦዝ አንቀጽ አሉታ «ሳይነቅል»፣ «ሳትነቅሉ» የሚለው ነው። «ሶኬቱን ሳትነቅሉ ቴፑን አትክፈቱ» የሚለው ማስጠንቀቂያ ግልጽ ነው። «ካሴቱን ሳታስገቡ ቴፑን ፈትኑ» የሚለው ግን ሁለት ትርጉም ይሰጣል፤ «ያለ ካሴት ፈትኑ» ወይም «ከማስገባታችሁ አስቀድማችሁ ፈትኑ» ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጊዜን ለመግለጽ ስትፈልጉ «ካሴቱን ከማስገባታችሁ በፊት» በማለት ጻፉ።

4. «እስኪ … ድረስ» የአንድን ድርጊት መጨረሻ ይወስናል። «በደንብ ጥረጉ» የሚለው ምን ያህል እንደሆነ አይታወቅም። «ጥጡ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ጥረጉ» የሚለው ግን ለሠሪው መቼ ማቆም እንዳለበት ይነግረዋል።

5. የቦዝ አንቀጹና የማሰሪያው ባለቤት ሲለያይ ሁለቱንም ባለቤቶች መግለጽ ያስፈልጋል። «ቀበቶው ቀልጦ በአልኮል ጠረገው» የሚለው ዓረፍተ ነገር ጠራጊው ማን እንደሆነ አይናገርም። «ቀበቶው ቀልጦ ስለነበር ተማሪው ቅሪቱን በአልኮል ጠረገው» ሲባል ይቃናል።

መ. ድርሰት

የሚከተለውን አንቀጽ አንድ ተማሪ የጻፈው ነው እንበል።

«ካሴቱን አስገብቼ ከፈትኩት። ክሩ ተጠመጠመ። ላስቲኩ ላልቶ ነበር። አልኮል ከመድኃኒት መደብር ይገዛል። ቴፑን ከመክፈታችሁ በፊት ሶኬቱን ንቀሉ። በመጀመሪያ ግን ሌላ ካሴት መሞከር ጥሩ ነው።»

በዚህ አንቀጽ ውስጥ ሐሰት የሆነ ዓረፍተ ነገር የለም፤ ነገር ግን አንቀጹን እየተከተለ የሚሠራ ሰው «በመጀመሪያ» የሚለውን ቃል የሚያገኘው ካሴቱ ከተበላ በኋላ ነው። ባለቤቱም አንድ ጊዜ «እኔ»፣ አንድ ጊዜ «እናንተ» ይሆናል። የሚከተለው የታረመው አንቀጽ ነው።

«በመጀመሪያ አልኮል፣ ጥጥና ካቻቢቴ አዘጋጁ። ሶኬቱን ነቅላችሁ ቴፑን ክፈቱ። ላስቲኩ ላልቶ ከሆነ ለውጡት። ቴፑን ከገጠማችሁ በኋላ በሌላ ካሴት ፈትኑት። ዋናውን ካሴት የምታስገቡት ፈተናው ከተሳካ በኋላ ብቻ ነው።»

የሥራን ቅደም ተከተል ስትጽፉ የሚከተሉትን አስታውሱ።

1. የሚያስፈልጉትን ዕቃዎች ሥራው ከመጀመሩ በፊት ዘርዝሩ።
2. ማስጠንቀቂያውን አደጋው ካለበት ድርጊት በፊት ጻፉ እንጂ ከኋላው አታስከትሉ።
3. አንድን ድርጊት ስታዙ ምክንያቱን ጨምሩ። ምክንያቱን የተረዳ ሰው ያልጻፋችሁት ችግር ቢገጥመው እንኳ መላ ያገኝለታል።
4. ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ መደብ ጻፉ።
5. ጽሑፋችሁን ሥራውን ለማያውቅ ጓደኛ ስጡና እያነበበ ሲሠራ ተመልከቱ። እርሱ የቆመበት ቦታ የእናንተ ጽሑፍ የጎደለበት ቦታ ነው።

ሠ. መልመጃ

መልመጃ 1። ምንባቡን መሠረት በማድረግ በሙሉ ዓረፍተ ነገር መልሱ።
ሀ) ቀበቶው የላላ ቴፕ ካሴት የሚበላው ለምንድን ነው?
ለ) የካሴቱ ምላሶች የሚሰበሩት ቴፑ ከመከፈቱ በፊት የሆነው ለምንድን ነው?
ሐ) ከሰው ድምፅ ካሴትና ከኮምፒዩተር ካሴት ይበልጥ ጥንቃቄ የሚፈልገው የትኛው ነው? ምክንያቱን አስረዱ።
መ) «የመጀመሪያው መስማት የመጀመሪያው ቅጂ ይሁን» የተባለው ለምን ይመስላችኋል?

መልመጃ 2። የሚከተሉትን ዓረፍተ ነገሮች በቦዝ አንቀጽ እያያያዛችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር አድርጉ። ቅደም ተከተላቸው የተዛባ ስለሆነ አስቀድማችሁ አስተካክሉ።
ሀ) ቴፑን ገጠመችው። ብሎኖቹን ፈታች። ቀበቶውን ለወጠች።
ለ) ከኮምፒዩተሩ ጋር አገናኙት። ኃይል ሰጪውን ሣጥን ለኩ። ትክክል መሆኑን አረጋገጡ።

መልመጃ 3። በቢስቲማ፣ በሐይቅ፣ በደሴ ወይም በኮምቦልቻ ሬዲዮና ቴፕ የሚጠግን፣ ጋቢ የሚሸምን ወይም ሌላ የእጅ ሥራ የሚያውቅ ሰው ጠይቁ። አንድ ሥራ ሲሠራ አጠገቡ ተቀምጣችሁ የመጀመሪያውን፣ የመካከለኛውንና የመጨረሻውን ድርጊት በማስታወሻ ያዙ። በተለይም «ይህ ከዚያ ቢቀድም ምን ይበላሻል?» ብላችሁ ጠይቁት። ከዚያም ከሦስት አንቀጽ ያላነሰ ድርሰት ጻፉ። ጠቅላላ ድርሰታችሁ ቢያንስ ስድስት ቦዝ አንቀጽ፣ ሁለት «ከ … በፊት» እና አንድ «እስኪ … ድረስ» ይኑረው።

ድርሰታችሁን ከማስረከባችሁ በፊት አንድ ጊዜ እንደገና አንብቡት። ስታነቡትም ራሳችሁን እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ ይህን ጽሑፍ ይዞ የሚሠራው ሰው በእጁ ያለው ካሴት ሌላ ቅጂ የሌለው ቢሆን፣ ጽሑፌን አምኖ እንዲሠራበት እፈቅድለታለሁን?